የጠፋው ከተማና የጠፋው ማስታወሻ



በዱር ተሰውሮ ቀርቷል ስለሚባል ከተማ የሚነገረው ታሪክ የብዙ አሳሾችን ልብ ሲያነሣሣ ኖሯል። ከእነዚህ መካከል በሙያው ለመሐንዲስ እጅግ የሚቀርበው እንግሊዛዊው ፐርሲ ፎሴት ነው። ፎሴት ቅየሳ የተማረ የመድፈኛ መኮንን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ1906 ጀምሮ የቦሊቪያንና የብራዚልን ወሰን ለመቀየስ ደክሟል። በ1925 ግን «ዜድ» ብሎ የሰየመውን ከተማ ፍለጋ ልጁንና የልጁን ጓደኛ አስከትሎ ወደ ማቶ ግሮሶ ደን ገባ፤ ሦስቱም አልተመለሱም። ተፎካካሪ እንዳይቀድመው መንገዱን በምስጢር ይዞ ስለ ነበር፣ ሊፈልጉት የወጡት ከየት እንደሚጀምሩ እንኳ በእርግጥ አላወቁም። ቦታን ለክቶ ማስታወቅ ሙያው የነበረው ሰው የራሱን ቦታ ሳያስታውቅ ቀረ።

በኢትዮጵያም ከዚህ የሚቀራረብ ታሪክ አለ። ኢጣሊያዊው መስፍን ኤውጄንዮ ሩስፖሊ በገናሌና በዳዋ ወንዞች አገር ሲያስስ፣ በ1893 ዝሆን ገደለው። ዕድሜው 27 ዓመት ነበር። ከሰበሰባቸው ነገሮች መካከል ለሳይንስ አዲስ የሆነ ቱራኮ የተባለ ወፍ ተገኘ፤ በ1896ም በስሙ ተጠራ። ይሁን እንጂ ወፉ ከየት እንደ ተያዘ የሚገልጽ ማስታወሻ ስላልነበረ፣ መኖሪያው ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ሳይታወቅ ቆየ። የአካባቢው ሕዝብ ግን ወፉን በየዕለቱ ያየው ነበር።

የሶፍ ዑመር ዋሻም እንዲሁ ነው። ከሮቤ በስተምሥራቅ የዌብ ወንዝ ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፍበትን ይህን ዋሻ አሜሪካዊው ዶናልድሰን ስሚዝ በ1890ዎቹ ጎብኝቶ ጽፎለታል፤ በ1972ም እንግሊዛውያን አሳሾች ቀይሰው ርዝመቱን 15.1 ኪሎ ሜትር አድርሰውታል። ምእመናን ግን ከዚያ አስቀድሞ ለብዙ ዘመናት ይሳለሙት ነበር። ስለሆነም ዋሻው ጠፍቶ የተገኘ አይደለም፤ የተጨመረለት ልኩ ነው።

ፎሴት በፈለገው አገርም ውጤቱ ተመሳሳይ ሆነ። ተመራማሪዎች ከኩይኩሮ ሕዝብ ጋር አብረው በመሥራት፣ በሺንጉ ወንዝ የላይኛው ተፋሰስ መንገድ፣ አደባባይና የመከላከያ ቦይ የነበራቸውን ጥንታዊ ሰፈሮች ለክተው በ2003 ይፋ አደረጉ። ነዋሪው ሲያውቀው የኖረው፣ በነዋሪው መሪነት ተመዘገበ።

እንግዲህ ከጎባ ተነሥቶ የሰነቴን አምባ አቋርጦ ወደ ሐረና ደን ለቅየሳ የሚወርድ መሐንዲስ ከዚህ የሚማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ መሣሪያውን ከመትከሉ በፊት የአገሩን ሽማግሌ መጠየቅና ቦታውን ነዋሪው በሚጠራው ስም መመዝገብ ነው። ሁለተኛው፣ የመንገዱን ዕቅድና የየዕለቱን ልክ ግልባጭ በቢሮ መተው ነው። ሰው በዱር አደጋ ቢደርስበት ይህ ግልባጭ ለፈላጊዎቹ መንገድ ያሳያል፤ ሕይወቱን ማትረፍ ባይቻል እንኳ ድካሙ አብሮት አይቀበርም።