ላዩ ደረቀ፣ ውስጡስ?

የዛሬው ርእሳችን ማገገም ነው።

አንድ ሕፃን የልብ ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት፣ ብዙውን ጊዜ የደረቱ አጥንት ይከፈታል፤ ከዚያም ተመልሶ ይታሰራል። ታዲያ ማገገም ማለት የላዩ ቁስል መድረቅ ነው? አይደለም! አዲስ የተመረገ የጭቃ ግድግዳን አስቡ። ላዩ ቶሎ ይደርቃል፤ ውስጡ ግን ገና እርጥብ ነው። የልጁም አጥንት እስኪጠና ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይወስዳል።

ስለዚህ በብብቱ ይዛችሁ አታንሡት። አንድ እጃችሁን ከጀርባው፣ ሌላውን ከመቀመጫው ሥር አድርጋችሁ እቀፉት። ልጠይቅ ብሎ የመጣ ዘመድም ይህን ይወቅ። ካተኮሰው ወይም ቁስሉ መግል ከያዘ ግን፣ ውሎ ሳያድር ሐኪም ይየው። ማገገም የቤተሰቡ ሁሉ ሥራ ነው።