ልጅ ያዘለች እናት ከኋላ አትቅር

(በእድራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ በእናቶች ስም የተነበበ ንግግር ነው። ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳችን ላይ ወጥቷል።)

የተከበራችሁ የእድራችን ዳኛና የኮሚቴ አባላት፤
የተከበራችሁ አባቶች፣ እናቶች፣ ወንድሞችና እኅቶች፤

 ዛሬ የቆምነው ስለ ድንኳን፣ ስለ ወንበርና ስለ መዋጮ ለመናገር አይደለም። ስለዚያ ኮሚቴው ሁልጊዜ ያስታውሰናል። የእኛ ጉዳይ ሲያዩት ትንሽ የሚመስል ነገር ነው። ይኸውም ሕፃናት ያሏት እናት ከቤቷ ወጥታ፣ አምላኳን ለምና፣ ገበያዋን ገብይታ፣ ጎረቤቷን ጠይቃ ከነልጆቿ በሰላም ስለ መመለሷ ነው።

«ኧረ ይኼ ደግሞ ምን ንግግር ያስፈልገዋል?» የሚል አይጠፋም። እስቲ ዞር ዞር ብለን እንይ። ከመካከላችን ሁለት ሦስት ትንንሽ ልጆች ያሏቸው፣ ውሃ ለመቅዳትና ወፍጮ ቤት ለመድረስ ካልሆነ በቀር ለወራት ከግቢያቸው የማይወጡ እናቶች አሉ። ቅዳሴ ከቀረባቸው ቆይቷል። ለዒድ ሶላት ሌላው ሲወጣ በር ላይ ቆመው ያያሉ። ለልቅሶ እንኳ ጎረቤት ይልካሉ። ስንጠይቃቸው ሦስት ምክንያት ይነግሩናል።

አንደኛው ሸክሙ ነው። አንዱ በጀርባ፣ አንዱ በእጅ፣ አንዱ ቀሚስ ይዞ እየተጎተተ፣ በዚህ በይፋት ሙቀት የት ይደረሳል?

ሁለተኛው የሰው ዓይን ነው። ልጅ ሲያለቅስ ዞር ብሎ የሚገላምጥ ሰው አለ። «አስወጪው! ጸሎት ልንሰማበት ነው እኮ!» ይባላል። እንዲህ የተባለች እናት ልጇን ይዛ እየተሸማቀቀች ትወጣለች። በሚቀጥለው ሳምንት ትቀራለች። ከዚያም መቅረቱን ትለምደዋለች።

ሦስተኛው ፍርሃት ነው። አጣዬ በ2011፣ በ2013 እና በ2015 ዓ.ም. ያየችውን ለዚህ ጉባኤ መተረክ አያስፈልግም፤ ሁላችንም ነበርንበት። በተለይ የሚያዝያ 2013ቱ አይረሳም። ክርስቲያኑ በሁዳዴ፣ ሙስሊሙ በረመዳን ላይ ነበር። ሁሉም ጾመኛ ነበር። ቤታችን ሲቃጠል ልጆቻችንን አዝለን ወደ ሸዋ ሮቢት፣ ወደ ደብረ ብርሃን፣ ወደ መንዝ ተበተንን። ያኔ በጀርባ የነበሩት ዛሬ ትምህርት ቤት ገብተዋል። ነገር ግን የከባድ መኪና ጎማ ሲፈነዳ አሁንም እናታቸው ነጠላ ውስጥ የሚገቡ አሉ። እንዲህ ያለ ልጅ ያላት እናት «ለምን አትወጪም?» ስትባል ዝም ብትል አንፈርድባትም።

እንግዲህ እኛ የምንለው ይህ ነው። ሸክሙንም፣ ግልምጫውንም፣ ፍርሃቱንም አንዲት እናት ብቻዋን ልትሸከመው አትችልም። ደግሞም ብቻዋን እንድትሸከመው ሃይማኖታችን አላዘዘም።

ወደ መጻሕፍቱ ስንመለስ የምናገኘው ልጅ ይዛ መንገድ የወጣች እናት ነው። እመቤታችን ልጇን በ40ኛው ቀን ወደ ቤተ መቅደስ ይዛ ወጥታለች። ለመሥዋዕት ያቀረቡትም ድሆች የሚያቀርቡትን ሁለት ወፎች ነበር። ዛሬም ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ስትነሣ ያንኑ ሥርዓት እንከተላለን። የብዙ እናት የመጀመሪያ መውጫም ያ ቀን ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ ሕፃኑን ይዛ ወደ ግብፅ ተሰደደች። ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው የጽጌ ወቅት ይህንኑ ስደት የምናስብበት ነው። የአጣዬ እናት ከ2013 ወዲህ ጽጌን የምታስበው እንደ ቀድሞው አይደለም። ልጅ አዝሎ መሸሽ ምን እንደሆነ አይታዋለች።

ልጁ 12 ዓመት ሲሞላውም ለፋሲካ በዓል ወደ ኢየሩሳሌም ወጡ። ሲመለሱ ከዘመድና ከጎረቤት ጋር ያለ መስሏቸው የአንድ ቀን መንገድ ሄዱ። ከዚያ ሲፈልጉት የለም! ያገኙት በሦስተኛው ቀን ነው። ይህን የምናነሳው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ለበዓል የሚወጡት ከጎረቤት ጋር በአንድነት ነበር ማለት ነው። ሁለተኛ፣ በበዓል ግርግር ልጅ የጠፋባት እናት እንዲያው ግዴለሽ አይደለችም፤ በእመቤታችንም ደርሷል። ስለዚህ በጥምቀት ዕለት ልጇን አጥታ የምትጮህ እናት ስናይ መጀመሪያ እንፈልግላት። ምክሩ ኋላ ይደርሳል።

ሙስሊም እኅቶቻችንም የሐጀርን ታሪክ ነግረውናል። እኛ አጋር የምንላት ናት። ሕፃኑ እስማኤል በውሃ ጥም ሲያለቅስባት በሶፋና በመርዋ ኮረብቶች መካከል ሰባት ጊዜ ተመላለሰች። ዛሬ ከዓለም ዙሪያ ለሐጅ የሚሄደው ሁሉ፣ ሀብታሙም ሹሙም፣ ያን የአንዲት እናት ሩጫ ይደግመዋል። የእናት ድካም ዒባዳ ሆኖ ሲቀር ከዚህ በላይ ምን ምስክር አለ?

የወረዳችን ስም ኤፍራታና ግድም ነው። ኤፍራታ የሚለው ስም በኦሪትም አለ። ራሔል ምጥ የያዛት ወደ ኤፍራታ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበር፤ ልጁን ወልዳ እዚያው ሞተች። ስሙን በጠራን ቁጥር መንገድ ላይ የቀረችውን እናት ብናስታውስ መልካም ነው። እኛ የእድር ሰዎች የሞተውን ለመሸከም የተማማልን ነን። ምጥ የያዛትንና ሕፃን ያዘለችውን መሸከም ግን በሕይወት ሳለች ነው።

ስለ ልጅ ልቅሶም መጻሕፍቱ ዝም አላሉም። ሕፃናትን ይዘው የመጡትን ደቀ መዛሙርቱ ሲከለክሉ ጌታችን ተቆጥቷል። የተቆጣው በከልካዮቹ ላይ ነው፤ በእናቶቹ ላይ አይደለም። ነቢዩ ሙሐመድም (ሰ.ዐ.ወ.) በሶላት ላይ ሳሉ የልጅ ልቅሶ ሲሰሙ እናቲቱ እንዳትጨነቅ ብለው ሶላቱን ያሳጥሩ ነበር። የልጅ ልጃቸውን ኡማማንም ተሸክመው ሰግደዋል፤ ሲወርዱ ያስቀምጧታል፣ ሲቆሙ ያነሷታል። እንግዲህ ከዚህ በኋላ «አስወጪው!» የሚለው ሰው ከማን ተምሮ ነው?

ከሰባት ዓመት በታች ያለን ሕፃን ቤተ ክርስቲያን በጾም አታስገድድም። በእስልምናም ልጅ ሶላት እንዲለምድ የሚታዘዘው ሰባት ዓመት ሲሞላው ነው። ሁለቱም ሃይማኖቶች ሰባት ዓመት ይታገሣሉ። ታዲያ እኛ ሰባት ደቂቃ መታገሥ ያቅተን? ልጅ ቅዳሴውን ባይረዳውም ሽታውን፣ ድምፁን፣ የእናቱን ስግደት ይይዛል። እምነት የሚገባው በጆሮ ብቻ አይደለም፤ በእግርም ይገባል።

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ያሰብነው እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ሦስት ሦስት ሆነን እንውጣ። በአንድ መንደር ያሉ ሦስት እናቶች ይነጋገሩ። ሁለቱ ሲጸልዩ አንዷ ልጆቹን ከጥላ ሥር ትይዛለች፤ በሚቀጥለው ተራ ይለወጣል። የፈራ ልጅም ሌላ ልጅ ሲጫወት ሲያይ ቀስ በቀስ ከነጠላው ይወጣል። ይህን ሞክረን አይተነዋል። መጀመሪያ እስከ መንገዱ ጫፍ ብቻ፣ በሌላ ቀን እስከ ደጀ ሰላሙ፣ ከዚያ ወዲያ ራሱ እየሮጠ ይቀድማል።

ሁለተኛ፣ አባቶች ሆይ፣ አንድ ልጅ ውሰዱልን። አራት አምስት ዓመት የሞላው ልጅ በወንዶች በኩል ከአባቱ ጋር መቆም ይችላል። አባት ነጠላውን አጣፍቶ እጁን እያወዛወዘ ከፊት ሲሄድ፣ እናት ሦስቱን እየጎተተች ከኋላ ስትደርስ ማየት ደግ አይደለም። አንዱን ልጅ ብቻ ብትይዙልን ግማሹ ሸክም ቀለለ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ለመንገዱ እንጠንቀቅ። የአዲስ አበባ ደሴ መንገድ ከተማችንን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ከባድ መኪናው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ፋታ አይሰጥም። ልጅ በእጅ ሳይያዝ አይሻገር፤ የሚያዘውም በመንገድ ዳር በኩል ሳይሆን በውስጥ በኩል ይሁን። ማለዳ ወጥቶ ፀሐይ ሳይበረታ መመለስ ይሻላል። የፈላ ውሃ አቀዝቅዞ በሃይላንድ መያዝ፣ ቆሎም ሆነ ዳቦ ቋጠር ማድረግ አይረሳ። ስድስት ወር ያልሞላው ግን ከጡት በቀር ውሃም ቢሆን አያስፈልገውም። ያለንበት ቆላ ነውና ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ ይበረታል። በመሸ ጊዜ የልጁን እጅና እግር እንሸፍን፤ ቤት ስንገባ በአጎበር ውስጥ እናስተኛው።

አራተኛ፣ ክትባት አንዱ መውጫችን ይሁን። እንደ ተወለደ፣ ከዚያ በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት፣ ለኩፍኝ ደግሞ በ9 ወርና በ15 ወር ነው። የ15 ወሩን ብዙዎቻችን እንዘነጋዋለን፤ ልጁ እየሄደ ስለሆነ ያለቀ ይመስለናል። ሦስቱ እናቶች ካርዳቸውን አንድ ላይ ቢያዩ አንዷ የረሳችውን ሌላዋ ታስታውሳለች። ጤና ጣቢያ ደርሶ ሲመለሱ ቡና መጠጣትም አለ፤ መውጣት ለጭንቅ ብቻ መሆን የለበትም።

አምስተኛ፣ በዓላችንን በየደጃችን አንቆልፍበት። አብረን ነው የኖርነው። እሑድ ሰንበቴ ገበያ ብንሄድ አማራው፣ ኦሮሞው፣ አርጎባው፣ አፋሩ በአንድ ፀሐይ ሥር ነው የሚሸምተው። ሽንኩርቱንና ማሾውን የሚጭነው መኪና የማንንም ሃይማኖት አይጠይቅም። ሥጋው ለየብቻ ቢሆንም ቡናው፣ ቆሎው፣ ሽሮው የጋራ ነው። ልጆቻችን ፋሲካና ዒድ ሲሆን እንኳን አደረሳችሁ ለማለት ከእኛ ጋር ይምጡ። ያለፈው ነገር የተረፈልን ልጅ የጎረቤቱን ደጅ ካላወቀ፣ ስለ ጎረቤቱ የሚያውቀው የሰማውን ብቻ ይሆናል። የሰማውም ምን እንደሆነ እናውቃለን። «ቀስ ብለሽ፣ ገና ነው» የሚሉን አሉ። እውነታቸውን ነው፤ ሁሉም ቁስል በአንድ ቀን አይድንም። ያልደረሰላትን እናት አናስገድድም። ስትደርስ ግን የምትገባበት ደጅ ክፍት ሆኖ ይጠብቃት።

የመጨረሻው ለኮሚቴው የምናቀርበው ጥያቄ ነው። በስብሰባና በልቅሶ ያልተገኘ አባል ቅጣት ይከፍላል፤ ደንባችን ነው፣ አንቃወምም። ነገር ግን ከመካከላችን ሕፃን ታሞባት ቀርታ የተቀጣች አለች። ከፍላለች፤ ቅር ብሏት ነው የከፈለችው። ስለዚህ የወለደች እናት ክርስቲያንም ሆነች ሙስሊም ለ80 ቀን፣ የታመመ ሕፃን የያዘች እናት ደግሞ ልጁ እስኪሻለው ከቅጣት ነፃ እንድትሆን በደንቡ ላይ አንድ መስመር ይጨመርልን። ሦስት ጊዜ ተከታትላ የቀረች ስትኖርም ቅጣት ከመመዝገቡ በፊት ሁለት ሰው ቤቷ ድረስ ሄዶ «ምን ሆነሽ ነው?» ይበላት። ብዙ ጊዜ የጠፋው ገንዘቡ ሳይሆን ይህቺ ጥያቄ ናት።

ውድ የእድራችን አባላት፤

እናቶቻችን እኛን በአንቀልባ አዝለው በዚሁ አቧራ ላይ ተመላልሰዋል። በ1953 ዓ.ም. የካራቆሬው የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን ሲያፈርስ እናት የሆኑ ሴቶችም ልጆቻቸውን ለሰው አድርሰዋል። ያደረሷቸው ብቻቸውን ሆነው አይደለም። አንዷ ስትደክም አንዷ እየተቀበለች ነው።

ከሚመጣው እሑድና ከሚመጣው ጁምዓ ጀምሮ ሦስት ሦስት ሆነን እንወጣለን። በመንገድ ስታገኙን ከልጆቹ አንዱን ተቀበሉን። ልጁ ቢያለቅስም ግዴላችሁም፤ ዝም ያለች ከተማም አይተናል፤ የልጅ ልቅሶ ከዚያ ይሻላል።

ፈጣሪ ከተማችንንና ልጆቿን ይጠብቅልን። አሜን።

የእድሩ እናቶች፣ አጣዬ