ከቤት ሆኖ የአደጋ ሥፍራን ካርታ መሥራት፦ ከሰማይ የሚታየውና የማይታየው



ጥር 4 ቀን 2002 ዓ.ም. መጠኑ 7.0 የሆነ የመሬት መንቀጥቀጥ ሄይቲን በመታ ጊዜ፣ ማንም ሰው ሊያርመው በሚችለው የኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ላይ ዋና ከተማዋ ፖርት ኦ ፕሪንስ ከዋና ዋና ጎዳናዎቿ በቀር ባዶ ነበረች ለማለት ይቻላል። የሳተላይት ኩባንያዎች ምስሎቻቸውን በነፃ ለቀቁ። በመቶዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም ሄይቲን ረግጠው የማያውቁ በጎ ፈቃደኞች ከየቤታቸው ሆነው መንገዶቹንና የተፈናቃይ መጠለያዎቹን እየተከተሉ ነደፉ። የነፍስ አድን ቡድኖችም ካርታውን በጂፒኤስ መሣሪያዎቻቸው ላይ ጭነው ተጠቀሙበት።

አሠራሩ ቀላል ነው። የተጎዳው አካባቢ በትናንሽ አራት ማዕዘኖች ይከፋፈላል፤ በጎ ፈቃደኛው አንዱን መርጦ በምስሉ ላይ የሚያየውን ጣሪያና መንገድ ይነድፋል፤ ሌላ ልምድ ያለው ሰው ያርመዋል። የሚጠይቀው ከዲግሪ ይልቅ ትዕግሥትን ነው። እኔ ዛሬ ላተኩርበት የምፈልገው ግን ይህ ዓይን በማያየው ነገር ላይ ነው።

በ2006 ዓ.ም. ሀያን የተባለው አውሎ ነፋስ ፊሊፒንስን ከመታ በኋላ፣ በጎ ፈቃደኞች የትኛው ቤት እንደተጎዳ፣ የትኛው ፈጽሞ እንደወደመ ከምስል እንዲለዩ ተጠይቀው ነበር። የአሜሪካ ቀይ መስቀልና ሪች የተባለው ድርጅት በኋላ በሥፍራው ባደረጉት ማጣራት ፍርዱ አስተማማኝ ሆኖ አልተገኘም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሳተላይት የሚያየው ጣሪያን እንጂ ግድግዳን አይደለም። በመሬት መንቀጥቀጥ ጊዜማ ወለሎች አንዱ በሌላው ላይ ተደርምሰው ጣሪያው ደህና መስሎ ሊቀመጥ ይችላል። እንዲህ ያለውን ቤት «ያልተጎዳ» ብሎ መመዝገብ ምን ሊያስከትል እንደሚችል ለእናንተ መንገር አያሻኝም። ስለዚህ ከሩቅ የሚነድፍ ሰው ቤቱ የት እንዳለ ይመዝግብ፤ ስለ ቤቱ ይዞታ የሚፈርደው ግን በሥፍራው ያለው ባለሙያ ይሁን።

ሚያዝያ 17 ቀን 2007 ዓ.ም. ኔፓል መጠኑ 7.8 በሆነ ርዕደ መሬት ስትመታ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ከመላው ዓለም ለካርታው ተረባረቡ። ስለ ኔፓል ሲነገር ይህ ብዛት ይወደሳል፤ እኔ ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን ዓመታት አስበልጣለሁ። ካትማንዱ ሊቪንግ ላብስ የተሰኘው የአገሬው ቡድን አደጋው ከመድረሱ አስቀድሞ ተማሪዎችን እያሠለጠነ ትምህርት ቤቶችንና ሆስፒታሎችን በካርታ ላይ ያሰፍር ነበር። ከውጭ የመጣው እርዳታ የሚያርፍበት መሠረትና የሚያስተባብረው ሰው አገኘ።

ወደ እኛ ገጠር እንምጣ። ከላይ ሲታይ የሣር ክዳን ጎጆና የጭድ ክምር እጅግ ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱንም ክብ አድርጎ «ቤት» ብሎ የሚነድፍ የሩቅ ሰው የነዋሪውን ቁጥር ያዛባል። በበጋ በተነሣ ምስል ላይ የሚታይ መንገድ ክረምት ሲገባ በወንዝ ሙላት የሚቆረጥ ሊሆን ይችላል። የጎጡ ስም፣ የጤና ኬላው፣ ሰው የሚሻገርበት መልካ ከምስሉ አይገኙም። ከመካከላችሁ በገጠር ያደገ ሰው ይህን በአንድ እይታ ይለየዋል፤ ለእረፍት ወደ ቤተሰቡ ሲሄድም ጠይቆ መዝግቦ ሊመለስ ይችላል። ግጭት ባለበት አካባቢ ግን መጠለያንና የውኃ ቦታን በይፋ ካርታ ላይ ማስፈር ነዋሪውን ለአደጋ ሊያጋልጥ ስለሚችል፣ አስቀድሞ ነዋሪውን መጠየቅ ግድ ነው።

እዚህ ላይ ላቁምና ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንለፍ።