አንድ ጠረጴዛ፣ አራት ልጆች

ዛሬ የማነሳው ከፔታሕ ቲክቫ ደጋግሞ የሚደርሰኝን ጥያቄ ነው። ጠያቂዎቼ በብዛት እናቶች ናቸው። «ልጆቹን ቤት ላስተምር እያሰብኩ ነው። ትልቁ ኪታ ዛይን (7ኛ ክፍል) ነው፣ ተከታይዋ ኪታ ዳሌት (4ኛ ክፍል)፣ ሦስተኛው ኪታ አሌፍ (1ኛ ክፍል) ሊገባ ነው፣ ትንሿ ገና ጋን (መዋዕለ ሕፃናት) ናት። ለእያንዳንዳቸው የትኛውን መጽሐፍ ልግዛ?» ይሉኛል።

መልሴን ሲሰሙ ይደነግጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው አትግዙ። ቢያንስ ገና አትግዙ።

ወደ መጽሐፉ ከመግባቴ በፊት ሕጉን በአጭሩ ልንገራችሁ። የእስራኤል የግዴታ ትምህርት ሕግ የወጣው በ1949 ነው። ዛሬ ከሦስት ዓመት ሕፃን ጀምሮ እስከ 12ኛ ክፍል ያለውን ተማሪ ሁሉ ይይዛል። ስለዚህ ልጅን ዝም ብሎ ቤት ማስቀረት አይቻልም፤ ከትምህርት ሚኒስቴር «ፕቶር» የሚሉት ፈቃድ ያስፈልጋል። ማመልከቻው ላይ ማን እንደሚያስተምር፣ ምን እንደሚያስተምር፣ ልጆቹ እኩዮቻቸውን የት እንደሚያገኙ ትጽፋላችሁ። ተቆጣጣሪም ቤት ድረስ መጥቶ ያያል። ይህን የምለው ላስፈራራችሁ አይደለም። ሰውየው ሲመጣ የሚጠይቀውና እኔ ዛሬ የምጠይቃችሁ አንድ ዓይነት ስለሆነ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። የፔታሕ ቲክቫ ወላጆች ይህን የሚጠይቁት በባዶ ሜዳ እንዳልሆነ አውቃለሁ። በ2009 ትምህርት ሲከፈት የከተማዋ አንዳንድ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያውያንን ልጆች አንቀበልም ብለው አገር ምድሩ ተንጫጭቶ ነበር። ያ ቁስል በብዙ ቤት አልሻረም። ቢሆንም በንዴት የተጀመረ የቤት ትምህርት ሲዘልቅ ያየሁት ጥቂት ነው። ንዴቱ በሁለት ወር ይበርዳል፣ የሰኞ ጠዋቱ ሂሳብ ግን አለ።

አንዲት እናት ያደረገችውን ላውጋችሁ። ለአራቱም ልጆቿ ሙሉ የመጽሐፍ ስብስብ ገዛች፤ ለእያንዳንዱ ልጅ ስድስት ትምህርት። በሦስተኛው ሳምንት ደውላ አለቀሰች። አብረን ቁጭ ብለን ደመርነው። አራት ልጅ በስድስት ትምህርት ሃያ አራት ትምህርት ነው። አንዱን በሃያ ደቂቃ ብቻ ብትጨርሰው እንኳ 480 ደቂቃ፣ ማለትም ስምንት ሰዓት ይሆናል። ምሳ የለም፣ ልብስ አጠባ የለም፣ የትንሿ ለቅሶ የለም። ይህን የሚችል ሰው የለም፤ እሷም ሰነፍ ሆና አይደለም።

እኔ ትምህርትን በሁለት እከፍለዋለሁ፤ የመሰላል ትምህርትና የመሶብ ትምህርት። መሰላል ላይ ሁለተኛውን እርከን ሳይረግጡ ሦስተኛው ላይ አይወጣም። ሂሳብ እንዲህ ነው፤ ማንበብና መጻፍም እንዲሁ። መደመር ያልገባውን ልጅ ማባዛት ልታስተምሩት ብትሞክሩ ሁለታችሁም ትናደዳላችሁ። መሶብ ግን ሌላ ነው። ሁሉም ዙሪያውን ይቀመጣል፣ እንጀራው አንድ ነው፣ ሕፃኑ ትንሽ ይጎርሳል፣ ጎረምሳው ጠቅልሎ ይጎርሳል። ታሪክ፣ ኦሪት፣ የተፈጥሮ ትምህርት፣ ጂኦግራፊ፣ ሥዕል፣ ተረት የመሶብ ናቸው። ለእነዚህ አራት መጽሐፍ መግዛት አንዱን ወጥ በአራት ምድጃ እንደመሥራት ነው።

ስለዚህ ለየብቻ የሚገዛው ለመሰላሉ ብቻ ነው። እዚያም ላይ ሁለት ነገር ተመልከቱ። የመጀመሪያው፣ ለአራቱም ልጆች የአንድ አሳታሚ ተከታታይ መጽሐፍ ያዙ። ማታሕ ከ1971 ጀምሮ የትምህርት ሥራ ላይ ያለ ተቋም ነው፣ መጽሐፎቹ በየትምህርት ቤቱ አሉ፤ የሲንጋፖር የሂሳብ መጽሐፎችም ወደ ዕብራይስጥ ተተርጉመዋል። የትኛው ይበልጣል ብላችሁ አትጨነቁ። ዋናው፣ ዘዴውን እናንተ አንዴ ከለመዳችሁት ለትልቁ ያስረዳችሁበት መንገድ ለታናሹም መሥራቱ ነው። የትልቁ መጽሐፍም ለታናሹ ይወርዳል፤ መልሱን በደብተር ካስጻፋችሁት ማለቴ ነው። በኦገስት መጨረሻ ያገለገለ መጽሐፍ ከሰፈር ሰው ፈልጉ፣ አዲሱን ለመግዛት አትሩጡ።

ሁለተኛው የበለጠ ያሳስበኛል። መጽሐፉን ክፈቱና አንድ ገጽ አንብቡ፤ የሚናገረው ለልጁ ነው ወይስ ለአስተማሪው? ይህን ፈተና የወሰድኩት ከኮሎምቢያ ነው። እዚያ ገጠር ውስጥ አንድ መምህር አምስቱንም ክፍል በአንድ ጣሪያ ሥር ያስተምር ነበር። በ1970ዎቹ አጋማሽ «አዲሱ ትምህርት ቤት» የሚሉትን ዘዴ ሲዘረጉ ያደረጉት ትልቁ ነገር ልጁ ራሱ እያነበበ የሚሠራበት መምሪያ ማዘጋጀት ነበር። መምህሩ አንዱ ጋ ሲቀመጥ ሌሎቹ ሥራቸው አይቆምም። እናንተም ቤት ያለው ችግር ይኸው ነው። መጽሐፉ በየመስመሩ እናቱን የሚጠራ ከሆነ ሦስቱ ልጆች እጃቸውን አጣጥፈው ይጠብቃሉ፤ እጁን አጣጥፎ የሚጠብቅ ልጅ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ቢያንስ ሩብ ሰዓት ልጁን ብቻውን የሚያስኬድ መጽሐፍ ምረጡ።

ለነገሩ እኛ ይህን ከኮሎምቢያ መማር አልነበረብንም። ጎንደር ያደጋችሁ ታስታውሱታላችሁ። የኔታ ዛፍ ሥር ተቀምጠው የስድስት ዓመቱ ፊደል ይቆጥራል፣ የአሥራ ሁለቱ ዳዊት ይደግማል። ስንተኛ ክፍል ነህ ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ምን ላይ ደረስክ ነበር ጥያቄው። ቀድሞ የደረሰው ለተከታዩ ያስቀጥላል፣ የኔታ በየተራ ይሰማሉ። ዱላውን እዚያው እንተወው፣ አሠራሩን ግን እንውሰድ።

መሶቡ እንዴት እንደሚቀርብ በሲግድ በዓላችን ላሳያችሁ። ሲግድ በዕብራውያን አቆጣጠር በሔሽቫን 29፣ ዮም ኪፑር አንድ ተብሎ ሲቆጠር በሃምሳኛው ቀን ይውላል፤ ከ2008 ጀምሮ በሕግ የታወቀ የአገር በዓል ነው። ከበዓሉ በፊት ያለውን አንድ ወር ስጡት። የጋኗ ልጅ የቄሶቹን ጥላ በቀለም ትሥራ። የኪታ አሌፉ ሃምሳውን ቀን በወረቀት ሰንሰለት ይቁጠር፣ በየአሥሩ ቀለሙን ይለውጥ፤ አሥር አሥሩን መቁጠር ሳያውቀው ሂሳብ ተማረ ማለት ነው። የኪታ ዳሌቷ ካርታ ትዘርጋ። ሰዎች ለሲግድ ይሰበሰቡባት የነበረችውን አምቦበርን ትፈልግ፣ ከጎንደር ወደ ሱዳን፣ ከሱዳን ወደዚህ የተመጣበትን መንገድ በእርሳስ ታስምር። ትልቁ በበዓሉ ከሚነበበው ከነህምያ መጽሐፍ ስምንተኛውንና ዘጠነኛውን ምዕራፍ ያንብብ፤ ከዚያ አያቱ ጋ ሄዶ «ተራራው ላይ ስትወጡ ድንጋይ የምትሸከሙት ለምን ነበር?» ብሎ ይጠይቅና የምትለውን በስልኩ ይቅዳ። ማታ አራቱም ያመጡትን ጠረጴዛው ላይ ያቀርባሉ። ለዚህ ሁሉ የተገዛው ወረቀትና ቀለም ነው። አያት የምትሸጥበት ሱቅ የለም።

አሁን ብዙ ወላጅ ወደሚያፍርበት ጉዳይ ልምጣ። «ዕብራይስጤ ደካማ ነው፣ እንዴት አስተምራለሁ?» ይላሉ። ምርጫውን የሚወስነው በእርግጥ ይኸው ነው። እናትየዋ ጮክ ብላ እያነበበች እንድታስተምር የሚያዝ የዕብራይስጥ ሥርዓተ ትምህርት አላት እንበል፤ እሷ ደግሞ ፊደል በፊደል ነው የምታነበው። ልጆቹ በሳምንት ውስጥ ማረም ይጀምራሉ። ከዚያ ትልቋ ልጅ መጽሐፉን ከእጇ ትወስዳለች። እናት በገዛ ቤቷ ተማሪ ትሆናለች፣ ትልቋ ልጅ ደግሞ አስተማሪ። በየሐኪም ቤቱና በየባንኩ ለወላጆቿ ስታስተረጉም ያደገች ልጅ ይህንንም ስትሸከም ማየት አልወድም። ታናሿን ለሩብ ሰዓት ታስነብብ፣ መልካም ነው፤ የቀኑ ባለቤት ግን አትሁን። የዕብራይስጡን መሰላል ልጁ ብቻውን በሚወጣው መጽሐፍ፣ ካልሆነም በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣ አስጠኚ ያዙት። መሶቡን በአማርኛችሁ አቅርቡ።

እንዲያውም አንድ ትምህርት አለ፤ አራቱም ልጆች ከአንድ እርከን የሚጀምሩበት። የአማርኛ ፊደል ነው። እዚህ የተወለደ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ እንደ አራት ዓመት እህቱ «ሀ»ን አያውቅም። ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ነው፤ ሁሉም ከዜሮ ይነሳል።

እዚያው ፔታሕ ቲክቫ አንድ ቤት ውስጥ ያየሁት ነው። እናት የዳቦ ሊጥ አቡክታ ጨርሳ የቀረውን ዱቄት ትሪ ላይ ስስ አድርጋ ነፋች። ትንሿ በጣቷ «ሀ»ን ጻፈች፤ ጎኖቹ አንዱ ከአንዱ ረዘመ። የኪታ አሌፉ «ሁ»ን ጨመረ። እናት ትሪውን ነቅነቅ ስታደርገው ፊደሉ ጠፋ፣ ተራው የትልቁ ሆነ። እሱ «ሐ»ን ሲጽፍ ቆም አለና «ይኼም ሀ፣ ያኛውም ሀ፤ ለምን ሁለት ሆኑ?» አለ። እናትየው ሳቀች፣ እኔን አየችኝ። በግዕዝ ድምፃቸው የተለያየ እንደነበር፣ «ሐ» የዕብራይስጡ ሔት ወንድም እንደሆነ ነገርኩት። «ሐዲስ» የሚለውን የግዕዝ ቃል ዱቄቱ ላይ ጽፌ አነበብኩለት። ልጁ አፍጥጦ አየውና «ሐዳሽ!» ብሎ ጮኸ። በግዕዝም አዲስ፣ በዕብራይስጥም አዲስ። ከዚያ ወዲያ ሌላ ተመሳሳይ ቃል አምጪ እያለ እናቱን ምሳ እንኳ አላስበላትም። ወደፊት ደግሞ አማርኛን በባግሩት፣ በሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናው፣ መፈተን ይቻላል፤ ይህን ለጎረምሶቹ ቀድማችሁ ብትነግሯቸው አይከፋም።

የቀኑን ሰዓት አከፋፈል በዝርዝር አልነግራችሁም፤ ቤታችሁን እናንተ ታውቃላችሁ። ጠዋት ትንሿ ንቁ ሳለች መሶቡ ይቅደም፣ እሷ ስትተኛ መሰላሉ ይከተል፤ ለአብዛኛው ቤት የሚሠራው እንዲህ ነው።

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት፣ ማመልከቻውንም ከመሙላታችሁ በፊት፣ በትልቁ የትምህርት ቤት ዕረፍት ሦስት ሳምንት ሞክሩት። በማርች 2020 ኮሮና ትምህርት ቤቱን ሲዘጋው አራት ልጅ በአንድ ስልክ ተምሯል፤ ያኔ ግን ምርጫ አልነበረም፣ ስለዚህ እንደ ሙከራ አትቁጠሩት። አንድ የሂሳብ መጽሐፍ ተዋሱ፣ አንድ የመሶብ ርዕስ ምረጡ፣ ትሪና ዱቄት አቅርቡ። በየቀኑ ማታ ማን ምን ላይ እንደደረሰ በአንድ ደብተር ጻፉ። ፈቃዱን ከጠየቃችሁ ያ ደብተር ለተቆጣጣሪው የምታሳዩት የመጀመሪያ ነገር ይሆናል። ካልሆነላችሁም ቦርሳቸውን አዘጋጁ፤ ሴፕቴምበር 1 በሩ ክፍት ነው፣ ፊደሉን ማታ ማታ ትቀጥሉታላችሁ።