ከገዘር እስከ ዛንዚባር ያለው ሒሳብ
በማኅበራችን ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ከሒሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር



ባለፈው ስብሰባ ከአባላት አንድ ጥያቄ ቀርቦ ነበር። ለሐዘን ዕድር አለን። ለልጆች ትምህርት እንቆጥባለን። ለድንገተኛ ሕመም መዋጮ አለን። ለዕረፍትስ ምን አለን? በስልክና በቴሌቪዥን የምናየው ነጭ አሸዋና ሰማያዊ ባሕር የሌላ ሰው ብቻ ነው ወይ? አንድ ጊዜ አብረን ዛንዚባር ብንሄድስ? ጥያቄው ሲነሣ ብዙዎቻችን ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ሁለት ሐሳብ ወጣ። አንደኛው «ይቻላል፤ ከተዘዋዋሪ ብድሩ ላይ ወስደን ቀስ ብለን እንተካዋለን» የሚል ነው። ሁለተኛው «ቅንጦት ነው፤ ዳግመኛ አይነሣ» የሚል ነው። የማኅበሩን ሒሳብ የምይዝ እኔ ስለሆንኩ አጥንቼ እንዳቀርብ ታዘዝኩ።

መልሴን ሳላስረዝም ልናገር። ዕረፍት ቅንጦት አይደለም፤ ከማለዳ እስከ ማታ የምትሠራ ሴት ሁሉ ያስፈልጋታል። ነገር ግን የማትሄደዋ አባል ለምትሄደዋ መክፈል የለባትም። ከዚህ በኋላ የምናገረው ሁሉ ይህን ለመጠበቅ ነው።

የሩቅ ጉዞ እንዴት እንደሚታቀድ እኛ ከሌላው በተሻለ ማወቅ እንችላለን። ከሩቅ አገር የሚመጡ ጎብኚዎች በጂንካ በኩል ወደ ማጎ ፓርክና ወደ ሙርሲ መንደሮች ሲያልፉ በየዓመቱ እናያለን። አብዛኞቹ ከአገራቸው ሳይነሡ የመኪናውን፣ የአስጎብኚውንና የማደሪያውን ሒሳብ ከፍለው፣ ክትባታቸውን ተከትበው፣ የሚመለሱበትን ቀን ቆርጠው ነው የሚመጡት። እነርሱ ወደ እኛ ሲመጡ እንዲህ የሚዘጋጁ ከሆነ፣ እኛ ወደ ደሴት ስንሄድ ያለ ዝግጅት የምንነሣበት ምክንያት የለም።

በመጀመሪያ ሙሉ ዋጋውን እንወቅ። ሰው ስለ ጉዞ ሲያወራ የሚጠቅሰው የአውሮፕላኑንና የአልጋውን ዋጋ ነው። በሒሳብ መዝገብ ግን ጉዞው የሚጀምረው ገዘር ላይ በራችን ሲዘጋ ነው፤ የሚያበቃውም ተመልሰን ሥራ የጀመርን ዕለት ነው። ከገዘር ጂንካ መኪና አለ። ከጂንካ አዲስ አበባ ወይ አውሮፕላን ነው ወይ በኮንሶና በአርባ ምንጭ በኩል አውቶቡስ። የበረራው ሰዓት ካልገጠመ ሲሄዱም ሲመለሱም አዲስ አበባ ማደር ይመጣል። ከዚያ ዛንዚባር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደዚያ ይበርራል። ከአውሮፕላን ማረፊያው ደግሞ ታክሲ አለ፤ ሪዞርት የሚበዛባቸው ኑንግዊና ኬንድዋ በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ ስለሆኑ መንገዱ አጭር አይደለም።

የሚረሳ ወጪም አለ። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እህት ለ8 ቀን ምድጃዋ ቢጠፋ ያጣችው ገቢ ወጪ ነው። ላሟን የሚያልብላት፣ ልጆቿን የሚያበላላት ሰው የሚከፈለው ወጪ ነው። ለጎረቤትና ለቤተሰብ የሚመጣው ስጦታም ወጪ ነው፤ ባዶ እጅ መመለስ እንደማንችል እናውቃለን።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን ዋጋው በዶላር መሆኑ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር። ከዚያ በኋላ ጥቂት ሳምንታት ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። አንድ ምሳሌ ልስጣችሁ። ዛንዚባር ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ አዋቂ ጎብኚ 44 ዶላር ከፍሎ የደሴቲቱን የጉዞ ኢንሹራንስ እንዲገዛ አስገድዳለች። ሌላ ቦታ የተገዛ ኢንሹራንስ ይህን አይተካም። 44 ዶላር በ57 ብር ቢመነዘር 2,508 ብር ነው። አንድ ዶላር 150 ብር ነው ብለን ብናሰላ 6,600 ብር ይሆናል። በሳምንት 100 ብር የምትቆጥብ አባል በዓመት የምታጠራቅመው 5,200 ብር ነው። እንግዲህ የአንድ ዓመት ቁጠባዋ ለዚህ ለመግቢያው ኢንሹራንስ እንኳ አይበቃም ማለት ነው። በሳምንት 500 ብር የምትቆጥብ በ3 ዓመት 78,000 ብር ይኖራታል፤ እርሷ ስለ ዛንዚባር ማሰብ ትችላለች። ይህን የምለው ተስፋ ለማስቆረጥ አይደለም። እያንዳንዷ የራሷን ልክ አውቃ እንድትወስን ነው።

ከተዘዋዋሪ ብድሩ ይወሰድ ለሚለው ሐሳብም መልሱ ከዚሁ ይመጣል። ብድር ቡና ተገዝቶበት፣ ዶሮ ረብቶበት፣ ሸክላ ተሠርቶበት ራሱን ይመልሳል። ባሕር ዳር የዋለ ብድር ግን የሚመለሰው ከሌላ ሥራ በሚገኝ ገንዘብ ነው። 10 ሴቶች ለጉዞ ቢበደሩ፣ በዚያው ወር ለዘር መግዣ የምትጠይቀው 11ኛዋ ሣጥኑን ባዶ ታገኘዋለች። ለጋሾቻችን የሰጡንን ገንዘብ በተመለከተ ደግሞ ክርክርም አያስፈልገውም። ለተሰጠበት ዓላማ ብቻ ይውላል፤ አንድ ብር እንኳ ለዕረፍት አይወጣም።

ሁለተኛው ጉዳይ ወረቀት ነው። ኤርትራ ነፃ አገር ከሆነችበት ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ አገራችን የባሕር በር የላትም፤ ስለዚህ ጨው ባሕር ለማየት ፓስፖርት ማውጣት ግድ ነው። የመደበኛው ፓስፖርት ክፍያ በ2016 መጨረሻ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር አድጓል፤ የአስቸኳዩ ከዚያ ብዙ እጥፍ ነው። አስቀድማ ያመለከተች ሴት ልዩነቱን ለራሷ ታስቀራለች። በመታወቂያና በልደት ማስረጃ ላይ ያለው ስም አንድ ካልሆነ ማስተካከሉ ጊዜ ስለሚወስድ ከዚያ እንጀምር። የቪዛ ደንብ ይለዋወጣል፤ ስለዚህ ቲኬት ከመቁረጣችን በፊት አዲስ አበባ ያለውን የታንዛኒያ ኤምባሲ እንጠይቅ። አንዳንድ አባላት የጠቀሳችኋት ሲሸልስ ከማንም አገር ሰው ቪዛ አትጠይቅም፤ ነገር ግን ከጉዞ በፊት የመግቢያ ፈቃድ፣ የመመለሻ ቲኬትና የተያዘ ማደሪያ ትፈልጋለች። 115 ደሴቶች ያሏት ውብ አገር ናት፤ ኑሮዋ ግን ከዛንዚባር ይወደዳል። ዶላር የምንፈልገውም ፓስፖርታችንንና ቲኬታችንን ይዘን ከባንክ ነው እንጂ ከመንገድ ላይ አይደለም።

ከወረቀቶቹ ሁሉ ለእኛ ልዩ ትርጉም ያለው የቢጫ ወባ ክትባት ምስክር ወረቀት ነው። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ይህ በሽታ በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞ ሸለቆም ጭምር፣ ወደ 30,000 የሚገመት ሰው ገድሏል። በ2005 ዓ.ም. እንደገና በደቡብ ኦሞ ታይቶ፣ በሰኔ ወር ደቡብ አሪን ጨምሮ በወረዳዎቻችን ዘመቻ ተደርጎ ሕዝቡ ተከትቧል። ብዙዎቻችን ያን ጊዜ ተከትበናል። ሆኖም ዛንዚባርም ሆነች ሲሸልስ በሽታው ካለበት አገር ከሚመጣ መንገደኛ የሚጠይቁት ዓለም አቀፉን ቢጫ ካርድ ነው። ካርዱ ከክትባቱ 10 ቀን በኋላ ይጸናል፤ አንዴ ከወጣ ደግሞ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል። ነፍሰ ጡር፣ የምታጠባና ከ60 ዓመት በላይ የሆነች እናት ከመከተቧ በፊት ሐኪም ታማክር።

ሦስተኛው ወቅት ነው። በዛንዚባር ትልቁ ዝናብ ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ይወርዳል። ያን ጊዜ ሪዞርት ረከሰ ቢሏችሁ ምክንያቱ ዝናቡ ነው፤ አንዳንዶቹም ይዘጋሉ። ከሰኔ እስከ ጥቅምት ደረቅና ነፋሻ ነው። ሐምሌና ነሐሴ፣ የፈረንጆች ገናም፣ ሰው ስለሚበዛ ዋጋው ይንራል። ለእኛ የሚሻለው ሰኔ ወይም ከመስከረም አጋማሽ በኋላ ያለው ጊዜ ነው፤ ይህንም ከእርሻችንና ከቡናችን ሥራ ጋር ማስተያየት አለብን። የረመዳንን ወርም እንይ። የዛንዚባር ሕዝብ ከጥቂቱ በቀር ሙስሊም ነው፤ በጾሙ ወር ቀን በአደባባይ መብላት ነውር ነው። ወሩ በየዓመቱ 11 ቀን ገደማ ወደ ፊት ስለሚመጣ ያምናው አቆጣጠር አይሠራም። በከተማና በመንደር ስንዘዋወር ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ ይለበሳል፤ ይህ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የሚከብደን ሌላ ነው፤ ፌስታል እዚያ የተከለከለ ነው። ቆሎውንና ዳቦ ቆሎውን በጨርቅ ከረጢት እንያዝ።

ሪዞርቱን ስንመርጥ ክፍያው ምን ምን እንደሚጨምር በጽሑፍ እንጠይቅ። ቁርስ ብቻ ነው? ቁርስና እራት ነው? ወይስ ሦስቱም ማዕድ ከነመጠጡ? ጾመኞች ካለን የጾም ምግብ መኖሩንም እንጠይቅ። ባሕሩም የራሱ ሰዓት አለው። በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይመለሳል። በምሥራቁ ዳርቻ፣ በፓጄና በጃምቢያኒ፣ ውኃው ሲሸሽ እጅግ ይርቃል፤ በፎቶው ያየነው ሙሉ ባሕር የግማሽ ቀን ባሕር ነው። በሰሜን በኑንግዊ ግን ያን ያህል አይርቅም።

ስለ ምሥራቁ ዳርቻ ሌላም የምነግራችሁ አለ። ውኃው ሲሸሽ የመንደሩ ሴቶች በአሸዋው ላይ ችካል ተክለው፣ ገመድ ወጥረው የባሕር ሣር ያለማሉ። ሥራው በደሴቲቱ በ1980ዎቹ ዓ.ም. መባቻ ገደማ ተስፋፋ፤ አብዛኞቹ አልሚዎች ሴቶች ናቸው። ብዙ ሴቶች የራሳቸውን ገንዘብ በእጃቸው የያዙት በዚህ ሥራ ነው። አሁን የባሕሩ ሙቀት ስለጨመረ ዋጋ የሚያወጣው የሣር ዓይነት እየጠፋ ተቸግረዋል፤ አንዳንዶቹም ከሣሩ ሳሙና እየሠሩ ይሸጣሉ። ጎብኚው ፎቶ ያነሣቸውና ወደ ክፍሉ ይገባል። ጂንካ ቅዳሜ ገበያ ሸክላ ዘርግታ የምትቀመጥ እናት ይህን ታውቀዋለች። እኛ ከሄድን ግማሽ ቀን ከእነርሱ ጋር እንቀመጥ፤ ሳሙናቸውን ከእጃቸው እንግዛ። ለጎረቤት የሚሆነው ስጦታም እርሱ ይሁን።

አሁን በሳምንት 100 ብር ወደምትቆጥበዋ እህት ልመለስ፤ እርሷ ከአባላቱ የምትበዛዋ ናት። ደሴትና ውኃ በአገራችንም አለ። አርባ ምንጭ መንገዳችን ላይ ናት፤ አባያንና ጫሞን ከላይ ሆኖ የሚያይ ማደሪያ በየልኩ ይገኛል፤ በጫሞ ላይ በጀልባ ሄዶ አዞና ጉማሬ ማየት ይቻላል። ወደ አዲስ አበባ ሲኬድ በሻሸመኔ በኩል ከታለፈ ባቱ አለች፤ በዝዋይ ሐይቅ ላይ 5 ደሴቶች አሉ፤ ትልቁ ቱሉ ጉዶ የዛይ ሕዝብ መኖሪያና የጥንታዊቷ የማርያም ጽዮን ቤተ ክርስቲያን ቦታ ነው። ጣናም አለ፤ እዚያ ግን ሁለት ነገር ይጣራ። አንደኛው የመንገዱ ጸጥታ ነው። ሁለተኛው ሴት የማይገባባቸው ገዳማት መኖራቸው ነው፤ ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት አያስገቡም። እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት ናርጋ ሥላሴ ግን ሴቶችን ይቀበላል። ይህን ሳያጣሩ የጀልባ ከፍሎ ዳር ላይ መቆም እንዳይመጣ ነው የምነግራችሁ።

እንግዲህ ለውሳኔ የማቀርባቸው አራት ነጥቦች እነዚህ ናቸው።

አንደኛ፣ የዕረፍት ጉዞ ሣጥን ይከፈት። ከቁጠባው፣ ከብድሩና ከለጋሾች ሒሳብ ፍጹም የተለየ መዝገብና ደረሰኝ ይኑረው። የምትገባዋ በፈቃዷ ትግባ፤ ሐሳቧን የቀየረችም ያስቀመጠችውን ሙሉ ገንዘብ ትውሰድ።

ሁለተኛ፣ ለጉዞ ብድር አይሰጥ። የብድር ውዝፍ ያለባት አባልም ውዝፉን ሳትከፍል ወደ ሣጥኑ አታስገባ።

ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው ዓመት አርባ ምንጭ ሁለት ሌሊት እንሂድ። እዚያ አብረን ማደርን፣ ወጪ መያዝን፣ ቤታችንን ለሰው አደራ መስጠትን እንለማመድ። ዛንዚባር ከ3 ዓመት በኋላ ሙሉ ዋጋው በሣጥኑ ላላቸው ይሁን፤ ለምንዛሪ ለውጥና ለድንገተኛ ነገር ከጠቅላላው አንድ አምስተኛ ተጨምሮ ይያዝ።

አራተኛ፣ አንዷ ስትሄድ የቀረችው ላሟን ትለብላት፣ ልጆቿን ታይላት፤ ተራው ሲደርስ ያችም ትመልስላት። ይህን በገንዘብ ብንገዛው ውድ ነው። እኛ ግን በደቦ ስንሠራ የኖርን ሰዎች ስለሆንን ያለ ገንዘብ ልናደርገው እንችላለን፤ ከጉዞው ወጪ ላይም ብዙ ይቀንስልናል።

ሣጥኑ ከተፈቀደ ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ መዝገቡን አዘጋጃለሁ፤ ካልተፈቀደም ምክንያታችሁን በቃለ ጉባኤ አሰፍራለሁ። የምትደግፉ እጃችሁን አንሡ፤ የምትቃወሙም እንዲሁ ሳትፈሩ አንሡ።