የመጋዛችን መሪ ብረት
(የማኅበራችን ጸሐፊ በእሁዱ ስብሰባ ያሰሙት ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው በማኅበራችን የእንጨት ሥራ ቤት ስላለው አሮጌ ባለ ጠረጴዛ መጋዝ ነው። «የመጋዝ ነገር እኛን ምን አገባን?» የሚል ቢኖር አይፈረድበትም። ነገር ግን በዚያ መጋዝ ፊት የሚቆሙት የእኛው የጉለሌ ልጆች ናቸው።

እንደምታስታውሱት ባለፈው ጥቅምት እንጨት ከመጋዙ ተወርውሮ አንዱን ልጃችንን መታው፤ እጁም ወደ መጋዙ ተስቦ ሁለት ጣቱን አጣ። ያን ጊዜ ኮሚቴአችን «ልጁ ስላልተጠነቀቀ ነው» ብሎ በቃለ ጉባኤ ጻፈ። ኋላ ሜትር ይዘን ስንለካ ግን መሪ ብረቱ በስተኋላ 4 ሚሊ ሜትር ወደ መጋዙ ተጠግቶ አገኘነው። ጥፋቱ መሣሪያውን ያልመረመርነው የእኛ ነው እንጂ የልጁ አልነበረም። ቃለ ጉባኤው እንዲታረም ወስነናል፤ ልጁንና ወላጆቹንም በፊታችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን።

መሪ ብረት የምንለው እንጨት ሲሰነጠቅ ጎኑን አስጠግቶ የሚሄድበትን ነው። ኋላው ከጠበበ እንጨቱ በመጋዙና በብረቱ መካከል ይጣበቃል። የመጋዙ ጥርስ ደግሞ በስተኋላ ከታች ወደ ላይ ስለሚነሣ የተጣበቀውን እንጨት አንሥቶ ወደ ሠራተኛው ይወረውረዋል። የእኛ መሪ በፊት በኩል በአንዲት ብሎን ብቻ ስለሚታሰር፣ ሲገፉት ኋላው ይንሸራተታል።

በእኛ ሠፈር ነገሩ ይብሳል። አብዛኛው የምንሰነጥቀው ባሕር ዛፍ ነው። ከዐፄ ምኒልክ ዘመን ጀምሮ እንጦጦን ያለበሰው ይህ ዛፍ በውስጡ ውጥረት አለው፤ ሲሰነጠቅ አንዳንዱ ወደ ጎን ይከፈታል፣ አንዳንዱ ተመልሶ ይገጥማል። ስለዚህ ጠንካራና ረጅም ብረት መበየድ ብቻውን መፍትሔ አይሆንም። የሚከፈተው እንጨት ረጅሙን ብረት ሲያገኝ ተመልሶ መጋዙን ይጫናል እኮ!

በመሆኑም የሚከተለውን ለመሥራት አስበናል።

አንደኛ፣ በጠረጴዛው ፊት ቀጥ ያለ አንጎላሬ በብሎን እናስራለን። በእሱ ላይ ሰፊ መስቀለኛ ግንባር ያለው ቱቦላሬ ይሄዳል፤ ግንባሩ ሰፊ ስለሆነ ኋላው አይወላገድም። ይህ አሠራር በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ቢሴማየር በተባለ ሰው ስም የታወቀ ነው። ብየዳ ብረት ስለሚያጣምም፣ በያጁ ጥቂት ጥቂት እየነካ በስኳድራ መፈተሽ አለበት።

ሁለተኛ፣ በቱቦላሬው ጎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሳብ ደረቅ ጣውላ ይታሰራል። ባሕር ዛፍ ሲሰነጠቅ የጣውላው ጫፍ ከመጋዙ እምብርት አያልፍም፤ ከዚያ በኋላ እንጨቱ ነጻ ቦታ ያገኛል። ኮምፔንሳቶ ሲቆረጥ ግን እስከ መጨረሻው ይሳባል።

ሦስተኛ፣ ከመጋዙ ኋላ ስንጥቁን ከፍቶ የሚይዘው ብረት ወልቆ ተጥሏል፤ ተመልሶ ይገጠማል።

ወጣቶች፣ ይህን ልብ በሉ። ጠዋት ከሥራ በፊት መብራቱን ከሶኬት ነቅላችሁ አንዱን ጥርስ በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ጥርሱን በፊት በኩል አድርጋችሁ እስከ መሪው ያለውን ለኩ፤ ያንኑ ጥርስ በእጅ ወደ ኋላ አዙራችሁ እንደገና ለኩ። ሁለቱ እኩል ይሁኑ። በስተኋላ እስከ ግማሽ ሚሊ ሜትር ቢሰፋ ምንም አይደለም፤ መጥበብ ግን በጭራሽ አይቻልም። መሪውና መጋዙ መካከል ከ15 ሳንቲ ሜትር ከጠበበ በእጅ ሳይሆን በመግፊያ እንጨት ይገፋል። በመጋዙ ትይዩ ከኋላችሁ ማንም አይቁም።

አንድ አባላችን ቱቦላሬውን ሰጥተዋል፤ በያጅ ጎረቤታችንም ጉልበታቸውን። የቀረን አንጎላሬና ብሎን ነው፤ ያላችሁ እንድታመጡ እንጠይቃለን። ሥራው እስኪያልቅ መጋዙ ተቆልፏል። በር ወይም አግዳሚ ያዘዛችሁ ትንሽ ታገሡን፤ በር ይደርሳል፣ ጣት ግን አይበቅልም። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።