ኃይሉ ስላለቀ የባትሪ ድንጋይ ለተማሪዎች የተነገረ ንግግር



ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች በታች በሚገኘው በሾላ ገበያ ለቤት የሚያስፈልገው ነገር ሁሉ ይሸጣል። እህሉና ቅመሙ፣ ልብሱና የማዕድ ቤት ዕቃው በየተራው ተደርድሮ ይታያል፤ ከዚያም መካከል የባትሪ ድንጋይ ይገኛል። ገዢው ድንጋዩን በጥቂት ብር ገዝቶ ወደ ቤቱ ይሄድና ለእጅ መብራቱ ወይም ለራዲዮው ያደርገዋል። ጥቂት ጊዜ ካገለገለው በኋላ ኃይሉ ያልቃል። መግዣውን ስፍራ የማያውቅ ሰው የለም፤ መመለሻውን ስፍራ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። የዛሬውም ንግግር ስለ መመለሻው ነው።

«ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትጣላለህ» ይላል ተረቱ። የባትሪውም ዕጣ እንደዚሁ ሆነ። ኃይል ሳለው ይፈለጋል፤ ኃይሉ ባለቀ ጊዜ ግን ከደጅ ይወረወራል። ነገር ግን ስሙ ድንጋይ ይባል እንጂ ነገሩ ድንጋይ አይደለም። እውነተኛው ድንጋይ በሜዳ ቢጣል ማንንም ሳይጎዳ ሺህ ዓመት ይኖራል፤ ይኸኛው ግን ከተጣለ በኋላ ይዝጋል፣ ይቀደዳል፣ ውስጡም ያለው ይፈሳል።

ምክንያቱ ከአሠራሩ የተነሣ ነው። ዦርዥ ሌክላንሼ የተባለ ፈረንሳዊ በፈረንጅ አቆጣጠር በ1866 ዓ.ም. ከዚንክ፣ ከከሰልና ከማንጋኒዝ ባትሪ ሠራ። ከሃያ ዓመት ያህል በኋላ ካርል ጋስነር የተባለ ጀርመናዊ ፈሳሹን እንደ ሊጥ አድርጎ በማወፈር ደረቁን ባትሪ አወጣ። ዛሬ በገበያ የሚሸጠው ተራ ድንጋይ የዚሁ ልጅ ነው። ውጭው የዚንክ ቆርቆሮ ነው፤ በመካከሉ የከሰል ዘንግ ቆሟል፤ በዘንጉ ዙሪያ ማንጋኒዝ ያለበት ጥቁር ዱቄት ታጭቋል። መብራቱ የሚበራው ዚንኩ ቀስ በቀስ እየተበላ ስለ ሆነ፣ በመጨረሻ ቆርቆሮው ይሳሳና እርጥበቱ ወደ ውጭ ይወጣል። በራዲዮ ውስጥ ተረስቶ የከረመ ድንጋይ ሽቦውን አበላሽቶ የሚገኘው ስለዚህ ነው።

ከዚህም የሚብሱ አሉ። ከቀድሞዎቹ ድንጋዮች ብዙዎቹ ባዜቃ ማለት ሜርኩሪ ነበረባቸው፤ እየተሞሉ ከሚሠሩት ባትሪዎች አንዳንዶቹ ካድሚየም አለባቸው። የመኪናው ትልቁ ባትሪ እርሳስና የሚያቃጥል አሲድ ይዟል። የተንቀሳቃሽ ስልክ ባትሪ ቢቀጠቀጥ ወይም ቢወጋ እሳት ያነሣል። አዝራር የምታህለውን ትንሿን ባትሪ ሕፃን ቢውጣት በሁለት ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጉሮሮውን ልታቃጥለው ትችላለችና፣ ሳይዘገይ ወደ ሐኪም ይወሰዳል።

የእርሳስ ጉዳት ምን ያህል እንደ ሆነ በሴኔጋል አገር ታይቷል። በዳካር ከተማ አጠገብ ትያሮይ ሱር ሜር በሚባል መንደር ሰዎች የመኪና ባትሪ እየሰበሩ እርሳሱን ያወጡ ነበር፤ አፈሩንም እያበጠሩ ለሽያጭ በየቤታቸው አስገቡ። በ2000 ዓ.ም. በጥቂት ወራት ውስጥ 18 ሕፃናት ሞቱ። መርዙ በአፈሩና በአቧራው ውስጥ ነበረ። እነዚያ እናቶች ልጆቻቸውን የሚጎዳ ሥራ እንሠራለን ብለው አልተነሡም፤ እንጀራ ፈልገው ነበር እንጂ። ያጠፋቸው አለማወቅ ነው።

የአዲስ አበባም ውኃ መንገዱ የታወቀ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደው ዝናብ በየሰፈሩ የተጣለውን ጠርጎ ወደ ቀበናና ወደ ሌሎቹ ወንዞች ያወርዳል፤ ወንዞቹም ወደ አቃቂ፣ አቃቂም ወደ አባ ሳሙኤል፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይሄዳል። በአቃቂ ወንዝ ዳር ጎመንና ሰላጣ ይለማል፤ የለማውም ወደ ከተማው ገበያ ይመለሳል። ስለዚህ ከላይ የጣለ ሰው ከታች የሚበላውን ያበላሻል፤ ምናልባትም በገዛ ሳህኑ ላይ ይመለስለታል።

ደግሞ በገጠር አንዳንድ ልማድ አለ። ያለቀውን ድንጋይ ኃይል ይጨምራል ብለው ከእሳት ዳር የሚያሞቁት አሉ፤ ሊፈነዳ ስለሚችል ይህ አይገባም። ጥቁሩን ዱቄት አውጥተው ጥቁር ሰሌዳ የሚቀቡበትም አሉ። ይህን ያመጣው ችግር ነው፤ የሚያስወቅስም አይደለም። ነገር ግን የማንጋኒዝ አቧራ በትንፋሽ እየገባ ሲደጋገም ነርቭን ይጎዳልና፣ ስለ ሰሌዳው የደቀቀ ከሰል መጠቀም ይሻላል።

እንግዲህ ወዴት ይመለስ? በአዲስ አበባ መንደሮች ቆራሌ እየጮኸ ይዞራል፤ ብረቱን፣ ጠርሙሱንና ፕላስቲኩን ገዝቶ ይሄዳል። በመርካቶ ምናለሽ ተራ ደግሞ አሮጌው በርሜል ምድጃ፣ አሮጌው ጎማ ጫማ ሆኖ ይወጣል። ይህ ሕዝብ ያገለገለውን ዕቃ መልሶ መሥራትን ከማንም የሚማር አይደለም። ቆራሌው የመኪናውን ባትሪ ስለ እርሳሱ ዋጋ ይፈልገዋል፤ ትንሹ ድንጋይ ግን ዋጋ ስለማያወጣ ከቆሻሻ ጋር ይደባለቃል። የከተማው ቆሻሻ ለብዙ ዘመን የተከመረበት በረጲ የሚገኘው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከመቶ የሚበልጡ ሰዎች ሞተዋል። በእንዲህ ያለ ክምር ላይ በባዶ እጃቸው የሚለቅሙ ድኾች አሉና፣ መርዝ ያለበትን ነገር ለይቶ ማስቀረት ለእነርሱ ማሰብ ነው።

በአውሮፓ በፈረንጅ አቆጣጠር በ2006 ዓ.ም. በወጣ ሕግ ባትሪ ሻጮች ያለቀውን ያለ ክፍያ እንዲቀበሉ ታዘዘ፤ የተሰበሰበውም ወደ ፋብሪካ ሄዶ ዚንኩና ብረቱ ተለይቶ ይወጣል። በኢትዮጵያም አደገኛ ቆሻሻን ስለ መቆጣጠር አዋጅ ቁጥር 1090 በ2010 ዓ.ም. ወጥቷል። የለስላሳ ጠርሙስ ወደ ገዛበት ሱቅ መመለስ ለሾላ ነጋዴ የቆየ ልማድ ነው፤ ለባትሪውም ከሁሉ የሚሻለው መመለሻ የተሸጠበት ሱቅ መሆን ነው።

እስከዚያው ድረስ በየተማሪ ቤቱ ሊደረግ የሚቻለው ይህ ነው። አንድ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ ተዘጋጅቶ «ያለቀ የባትሪ ድንጋይ» ተብሎ ይጻፍበት፤ ከእሳትና ከእርጥበት ራቅ ብሎ በአስተማሪ ቁጥጥር ይቀመጥ። ድንጋዩ አይሰበር፣ አይቃጠል፣ በጉድጓድም አይቀበር። የስልክና የአዝራር ባትሪ ጫፉ በፕላስተር ተሸፍኖ ለብቻው ይቀመጥ። የፈሰሰውን ልጅ አይንካው፤ ትልቅ ሰው እጁን በላስቲክ ሸፍኖ ያንሣው፣ ከዚያም በሳሙና ይታጠብ። የመኪና ባትሪ አሲዱ ሳይደፋ እንዳለ ይሸጥ። ዕቃው ሲሞላ አስተማሪው ለወረዳው የጽዳት ወይም የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በጽሑፍ ያስታውቅ፤ የሚረከበውንም ይጠይቅ። አንድ ሰው ጥቂት ድንጋይ ይዞ ቢጠይቅ የሚሰማው ላይኖር ይችላል፤ አንድ ተማሪ ቤት ሙሉ ዕቃ ይዞ ቢጠይቅ ግን መልስ ያገኛል። መመለሻው ስፍራ የሚከፈተው የሚመልስ ሕዝብ ሲኖር ነው።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እንደ ተባለ፣ ሥራው ለእያንዳንዱ ቀላል ነው። ዛሬ ማታ ወደ ቤቱ የሚመለስ ተማሪ ሁሉ በእጅ መብራቱ አጠገብ፣ በመስኮቱና በደጁ የወደቀውን ድንጋይ ይመልከት፤ ታናናሾቹም እንዳይነኩት ይንገራቸው፤ ነገም ለአስተማሪው ያስታውቅ።